ሞተር ከተነሳ በኋላ ጅራፍ የለም

ጡረታ የወጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ክፍላችንም ስቋል። የአማርኛ አስተማሪያችን «አንድ የምታውቁትን ጡረተኛ ፈልጉና የሥራ ዘመኑን ትዝታ ጽፋችሁ አምጡ» ሲለን ግማሹ አያቱን ጠራ፣ ግማሹ ጎረቤቱን መቶ አለቃ ጠራ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ስለ ራሴ ብጽፍስ?»

«አንቺ ደግሞ ከምኑ ነው ጡረታ የወጣሽው፣ መሰለች?»

«ከአውሮፕላን ሜዳ።»

ከኋላ አንዱ «አብራሪ ነበረች!» ብሎ ጮኸ። የሰፈሬ ልጅ ደግሞ ዝም ማለት አቃታትና «ኧረ ወፍ አባራሪ ናት!» አለች። ክፍሉ ተንጫጫ፤ ጠረጴዛ የደበደበም ነበር። ቲቸር ራሱ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ከያዘ በኋላ «እንግዲህ እሱም ሥራ ከሆነ ጻፊው» አለኝ።

ሥራ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ቤታችን ሶዶ ዳር፣ ከአውሮፕላን ሜዳው አጥር ማዶ ነው። አጥር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሽቦው ጥጃ እንኳ አያቆምም። ሜዳው ሣር ነው። የምትመጣው አንዲት ትንሽ ነጭ አውሮፕላን ናት። መድኃኒትና ሐኪም ታመጣለች፣ ኦቶና ሆስፒታል ካሉት ታማሚዎች ደግሞ እዚህ ያልተቻለውን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች። እኛ ማሽላ ነበረን። ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ወንድሞቼ ወንጭፍ ይወዳሉ፤ እኔ ጅራፍ። እናቴ እንሰት ስትፍቅ ከሚወጣው ቃጫ ራሴ ነኝ የገመድኩት። ጫፉን ውሃ ነክሬ ሳጮኸው ከማዶ ሰፈር ውሻ ይጮህልኛል።

«ሴት ልጅ ጅራፍ አታጮህም» ያላለኝ ሰው የለም። አክስቴማ «ባልሽንም ታባርሪዋለሽ» አለችኝ።

«ወፎቹ ከሄዱልኝ እሱም ይሂድ» አልኳት።

አንድ ቀን የሜዳው ዘበኛ ጋሽ ባሳ ሽቦውን በእጃቸው ከፍ አድርገው ሾልከው መጡና ከማማው ሥር ቆሙ። (የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ እኔ ነኝ ወደ አማርኛ የመለስኩት።)

«ያ ጅራፍ የሚያጮኸው ልጅ የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወንድምሽን ጥሪልኝ።»

ጅራፌን አነሳሁና አንድ ጊዜ ብቻ አጮህኩት። ጋሽ ባሳ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ እየሳቁ ነበር።

«እሺ፣ ወንድምሽን ተይው» አሉ።

እንዲህ ነው የተቀጠርኩት። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር የሚሮጥላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ወረቀት አልፈረምኩም፤ ደመወዜ ከጋሽ ባሳ ኪስ ወደ አባቴ ኪስ የሚገባ ነገር ነበር። ስለሱ ይሄው ይበቃል።

ስለ ጋሽ ባሳ ግን አይበቃም። ሜዳው ላይ ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። መሬቱ ረጥቦ እንደሆነ በእግራቸው ይለኩታል፤ ረጥቦ ከሆነ ትል ይወጣል፣ ትል ከወጣ ወፍ ይወርዳል። ቆሎ ሲበሉ አንዲት ፍሬ ከወደቀችባቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው እየቃተቱ ተንበርክከው ያነሷታል። የምስጥ ኩይሳ ካዩ ሳያፈርሱ አያልፉም፤ ከዝናብ በኋላ ክንፍ ያለው አሸን ከኩይሳው ሲፈላ ጭልፊቱ ሁሉ እሱን ብሎ ነው የሚመጣው። የሞተ ወፍ ካገኙ ደግሞ ቢላ ያወጣሉ።

«ሆዱን ጠይቂው» ይሉኛል። «ለምን እንደመጣ የሚነግርሽ ሆዱ ነው።»

መጀመሪያ ስከፍት አስመለሰኝ። በኋላ ለመድኩ። የእርግብ ሆድ የጎረቤት ስንዴ ነው፤ የጭልፊት ሆድ የልኳንዳ ቤት ጅማት ነው፤ አንዳንዱ ሆድ ውስጥ የፌስታል ቁራጭ ሁሉ አግኝቻለሁ። እኔ ባዮሎጂ የጀመርኩት ከክፍሌ ልጆች ቀድሜ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ዘንቦ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ሣሩ ውስጥ ትል ፈልቷል፤ ጋጋኖዎች ወርደዋል። ጋጋኖ ያ ረጅም ቆልማማ ማንቁር ያለው፣ ሲነሳ ሰፈር የሚያውክ ወፍ ነው፤ ከዶሮ ይከብዳል። አውሮፕላኗ ከሜዳው ጫፍ ሞተሯን አስነስታ መንደርደር ጀመረች። ጋጋኖዎቹ ከመንገዷ ፈንጠር ብለው አንገታቸውን ደፍተው ይለቅማሉ፤ ጉዳያቸውም አይደለም። ጋሽ ባሳ ከማዶ «መሰለች፣ በያቸው!» ብለው ጮኹ።

አልኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ አጩኼ አላውቅም።

ማሽላ ላይ ወፉ ከተነሳ አሸንፈሻል ማለት ነው። ወዴት እንደሚሄድ የማሽላ ጠባቂ ምን ገዶት! እዚህ ግን መንጋው በሙሉ ብድግ አለና ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረ። አውሮፕላኗም ፊቷ ወደ ነፋሱ ነበር። ወፍም አውሮፕላንም ሲነሱ ነፋስ ፊት ለፊት ይፈልጋሉ፤ ያን ቀን ይህን አላውቅም ነበር። መንገዷ ላይ ገቡ። እርጥብ ጆንያ መሬት ላይ ሲጣል ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። አውሮፕላኗ ተንገዳገደች፣ ከመንገዷ ወጣች፣ ሣሩን እየገመሰች ሄዳ ሽቦው አጠገብ ቆመች።

ካፒቴኑ ወረደ። ውስጥ የነበሩት አንዲት ነርስና አንድ ሽማግሌ ታማሚ ደህና ናቸው። ክንፏ ፊት ለፊት ላይ ጎድጉዷል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ላባ ተለጥፏል። ካፒቴኑ ላባውን አነሳና ዞር ዞር ብሎ አየን።

«ማነው ያስነሳቸው?» አለ።

«እኛ ነን» አሉ ጋሽ ባሳ።

«እኛ» ነው ያሉት። እስካሁን ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለች።

አውሮፕላኗ እስክትጠገን ቀረች፤ ሽማግሌው በመኪና ሄዱ። የሜዳው ኃላፊ፣ አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ብቻ የሚታየን ሰው ነው፣ «ይህቺን ልጅ ዛሬውኑ ሸኟት» አለ። ጋሽ ባሳ የሜዳውን በር ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው «እኔንም» ብለው ዘረጉለት። ኃላፊው ቁልፉን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ ጫማውን አየ። አልተቀበለም። እኔም አልሄድኩም።

ጋሽ ባሳ የሞተውን ጋጋኖ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት። ሆዱን ከፈትኩ። ትል ብቻ።

«ይሄ ምስኪን ቁርሱን ነበር የሚበላው» አሉ። ከዚያ «እኛ እኮ ማሽላ እየጠበቅን ነበር፣ መሰለች። ይሄ ማሽላ አይደለም» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ተገለበጠ። አውሮፕላኗ ገና ሳትነቃ ቀድመን እንገባለን። ከጎን በኩል እንሄዳለን፤ ከኋላቸው ከመጣን የአውሮፕላኗን መንገድ ስለሚይዙ ወደ ዳር እየገፋን እናስወጣቸዋለን። ሲርቁ እንቀመጣለን። ሞተር ከተነሳ በኋላ ጅራፍ የለም። ይህ ሕጋችን ነው። አንድ ወፍ ሣሩ ውስጥ ቢቀር እንኳ ይቀመጥ፤ መሬት ላይ ያለ ወፍ ማንንም አይመታም። እስኪ እናንተ ጅራፍ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ወፍ እያያችሁ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ! ከማጮኽ ዝም ማለት ይከብዳል። እጄ ራሱን ችሎ ይነሳብኝ ነበር።

ወፉ አልሄድም ካለስ? ለዚያ ቀይ ጨርቅ አስፈለገን። ገበያው ዳር ወዳሉት የስልጤ ባለሱቅ፣ ወደ አቶ ሽኩር ሄድኩ።

«ለምንሽ ነው? ለሠርግሽ?» አሉኝ።

«አውሮፕላን ለማቆም።»

«አውሮፕላን ለማቆምማ ይሄ ምን ይበቃል! ጣቃውን በሙሉ ውሰጂ እንጂ!» ብለው ሳቁ። ቁራጩን ግን መርቀው ሰጡኝ። ካፒቴኑም ጨርቁን አይቶ ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝና «ቀይ ካየሁ አልነሳም» አለ። ክፍላችን ውስጥ ማንኛችሁም አውሮፕላን አቁማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አቁሜ አውቃለሁ። ሽመላዎቹ ከአገር አገር ሲሻገሩ ሜዳችን ላይ ባረፉ ጊዜ አቁሜያለሁ፤ አሸን በፈላ ጊዜ አቁሜያለሁ። ኃላፊው በመጣ ቁጥር «ልጅቷ ማናት?» ይላል፤ ጋሽ ባሳ በጠየቀ ቁጥር «አውሮፕላን የምታቆመው» ይሉታል።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የጊፋታው ነው።

ጊፋታ ዘመን መለወጫችን ነው። ሰፈርተኛው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማል፣ በሬ ይገዛል፣ አብሮ ያርዳል። የእኛ ሰፈር ማኅበር ሁልጊዜ የሚያርደው ሜዳው ራስጌ፣ ከሽቦው ውስጥ ነው፤ ሣሩ ንጹሕ ነዋ! በዓሉ ላይ አውሮፕላን መጥቶ ስለማያውቅ ማንም አስቦት አያውቅም። የዚያን ዓመት ግን መጣች። ከቦምቤ ከተማ በአውቶቡስ ኦቶና የደረሰች አንዲት ወላድ ነበረች፤ ሐኪሞቹ ሳትውል ሳታድር ወደ አዲስ አበባ ትሂድ አሉ። በቃሬዛ አምጥተው አውሮፕላኗ ውስጥ አስተኟት። ባሏ ከጎኗ ነው።

በሬው ከታረደ ትንሽ ቆይቷል። ወንዶቹ ሥጋውን በእንሰት ቅጠል ላይ እየደለደሉ ነው፤ የሚያቃጥለው ማባያችን ዳታ ቀርቧል፣ ጥሬው ተጀምሯል። አንጀቱና ፈርሱ ከቆዳው አጠገብ ተከምሯል። ሰማዩን ባያችሁት! ጭልፊት ብቻ ነው። ጥንብ አንሳዎቹም ከሩቅ እየዞሩ ይወርዳሉ። ሁሉም ልክ አውሮፕላኗ የምትነሳበት አፍ ላይ።

ቀዩን ከፍ አደረግኩ። ካፒቴኑ ያስነሳውን ሞተር አጠፋ። ሞተሩ ሲጠፋ ጅራፌን አጮህኩ፤ ጭልፊቶቹ ዞር አሉና ተመለሱ። ደገምኩ። ተመለሱ። ሥጋ ያየ ጭልፊት ጅራፍ አይሰማም።

ባልየው ወርዶ መጣ። የሚስቱ ነጠላ ትከሻው ላይ ነበር።

«እህቴ፣ በእናትሽ፣ ጨርቁን አውርጂው። እየደከመችብኝ ነው።»

«አላወርድም።»

«ወፍ እኮ ነው! ወፍ ምን ያደርጋል?»

ያ ጎድጓዳ ክንፍ፣ ያ ላባ ፊቴ ድቅን አለ። «ይጥላታል» አልኩት። ጨርቁን ይበልጥ ከፍ አደረግኩት። ሰውዬው ሣሩ ላይ ተንበረከከ። ኃላፊው ደግሞ ከወዲያ «ካፒቴን፣ የልጅ ነገር ተውና ተነሱ!» ይላል። ካፒቴኑ በመስኮቱ ክንዱን አውጥቶ «ቀይ ነው ያየሁት» አለ።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አልኳቸው አጠገቤ የቆሙትን ጋሽ ባሳን።

«ጨርቁን የያዝሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ተናደድኩባቸው! ንዴቴ ግን እንዳስብ አደረገኝ። ሆዱን ጠይቂው ይሉኝ የለ? የጭልፊቶቹ ሆድ የሚፈልገው እዚያ ቆዳው አጠገብ ተከምሯል። ማባረር ካልተቻለ ምግባቸውን መውሰድ ነው። ጨርቁን ለጋሽ ባሳ ሰጠሁና «እንዳይወርድ!» ብዬ ወደ ወንዶቹ ሮጥኩ።

«ይሄ ከዚህ ይነሳ» አልኩ።

የእርዱ አለቃ አቶ ሳንታ ቢላውን እንደያዘ ቀና አለ። «ምኑ?»

«አንጀቱ፣ ፈርሱ፣ ቆዳው። ሥጋውን በቅጠል ሸፍኑት።»

«አውሮፕላን ሳይኖር ጀምሮ እዚህ አርደናል!»

አባቴ ከመካከላቸው ነበር። ጉርሻውን እንደያዘ «መሰለች፣ ወደ ቤት ግቢ። በጊፋታ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ።

«አባዬ፣ ሴትዮዋ ውስጥ ተኝታለች።»

«እኛ ምን አደረግናት?»

አንጀቱን በሁለት እጄ እያፈስኩ ቆዳው ላይ ከመርኩት። የለበስኩት እናቴ ለበዓሉ የገዛችልኝ አዲስ ቀሚስ ነው። የቆዳውን አንገት ያዝኩና ጎተትኩ። ይከብዳል፣ ያሟልጫል። ወደቅሁ። ሳቁ።

«ተዋት፣ ትጎትት! እሷም በሬ ሆናለች!»

ተነሳሁና እንደገና ጎተትኩ። ቆዳው ድንጋይ ላይ ሲፋተግ አቶ ሳንታ ብድግ አለ፦ «ኧረ ቆዳው! ቆዳው ይቀደዳል! ነጋዴ አይወስደውም!»

አባቴ ጉርሻውን ዋጠ፣ እጁን ሣሩ ላይ ጠረገ፣ መጣና ሌላውን ጫፍ ያዘ። «ቆዳው እንዳይቀደድ ነው!» አለ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። እንዲህ ተሸክመነው ሜዳውን ወደ ጎን አቋርጠን ከነፋሱ በታች ወዳለው ሸለቆ ወረድን። ጭልፊቶቹ እንደ ጃንጥላ ከላያችን ተከተሉ። አንዱ የአባቴን ባርኔጣ በክንፉ ነካው።

«እኛንም ሊበሉን ነው እንዴ?»

«አይዞህ አባዬ፣ አንተን አይፈልጉም፤ ከሲታ ነህ።»

ሸለቆው ውስጥ ደፋነው። ጭልፊቱም ጥንብ አንሳውም እላዩ ላይ ረገፈ። ከጠርዙ ላይ ሆኜ ለጋሽ ባሳ እጄን አወዛወዝኩ። እሳቸው ምን ቸገራቸው፣ ሰማዩን በዚህ አዩ፣ በዚያ አዩ፣ ዞረው ደግሞ አዩ። ከዚያ ቀዩን አወረዱ። ሞተሩ ተነሳ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አንዲት ጭልፊት ሳትከተለን ቀርታ፣ እመንገዱ ዳር የሽቦ እንጨት ላይ ተቀምጣለች። አባቴም አይቷታል።

«ያቺንስ? በያት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!»

እጄ አንገቴ ላይ ወደጠመጠምኩት ጅራፍ ተነሳ። አውሮፕላኗ እየተንደረደረች ነው። ጅራፉን መሬት ላይ ጣልኩና ተቀመጥኩበት። አባቴ ያበድኩ መሰለው። ጭልፊቷ አንገቷን ዘወር አድርጋ አውሮፕላኗን አየች፤ አውሮፕላኗ በፊቷ አለፈች፣ ከሣሩ ተላቀቀች፣ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ሆነች፣ ነጭ ነጥብ ሆነች። ጭልፊቷ ላባዋን ታበጥር ጀመር።

ሴትዮዋ ትዳን አትዳን እስከ ዛሬ አላውቅም። ባልየውም ተመልሶ አልመጣም፤ በቤሌ በኩል የሚመጣ የቦምቤ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የኔ ሜዳ ላይ ወፍ አልነካትም። ከዚያ ወዲያ ያለው የሐኪምና የእግዜር ነው፤ የኔ ድርሻ እስከ ባሕር ዛፎቹ ነበር። ድርሻዬን ሠርቻለሁ። በዓመቱ ደግሞ የማኅበሩ በሬ የታረደው ከሸለቆው ማዶ ነው። ማን እንዳዘዘ ግን የሚናገር የለም።

እንግዲህ የአዲስ አበባው የመኪና መንገድ ተሠራ፤ ታማሚ በመኪና መሄድ ጀመረ፤ ትንሿ አውሮፕላን እየዘገየች መጥታ መጥታ ቀረች። ኃላፊው አንድ ቀን መጣና «ከእንግዲህ አትምጪ» አለኝ። ያን ቀን «ልጅቷ ማናት?» አላለም። ስሜን ጠራ። የምስክር ወረቀት የለኝም፣ የስንብት ግብዣ አልተደረገልኝም፣ አበልም የለኝም። ያለኝ ጅራፌ ነው፤ አሁን ደግሞ ይሄ ጽሑፍ። ሥራ አልነበረም የሚል ካለ ከኔ ጋር ሜዳው ድረስ ይምጣ።

እኔ ትናንት ይህን ጽፌ ስጨርስ ሄጄ ነበር። ጋሽ ባሳ በምርኩዝ መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አወለቁ። ሜዳው ላይ ላሞች ይግጣሉ። ጋጋኖዎቹ የአውሮፕላኗ መንገድ መሐል ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይለቅማሉ፤ መንጋው ከድሮው በዝቷል። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን አየናቸው። ያነበብኩላቸውን ሰምተው «ኮፍያዬን ያዝኩ ያልሽው ውሸት ነው» አሉኝ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ወደ መንጋው ቀሰሩ።

«በያቸው» አሉ።

ልማድ ሆኖብኝ መጀመሪያ የሜዳውን ሁለት ጫፍ አየሁ። ሞተር የለም። ማንም አይጠብቅም። ተነሳሁ፣ የጅራፌን ጫፍ በምራቄ አርጥቤ ከራሴ በላይ አዞርኩና በሙሉ ክንዴ አጮህኩት። መንጋው በሙሉ ብድግ አለ፤ ፊቱን ለነፋስ ሰጠ፤ በዚያው በአውሮፕላኗ መንገድ፣ መሐል ለመሐል፣ እየተንጫጫ ወጣ።

ጋሽ ባሳ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ ብለው ነበር።

ደገምኩላቸው።